የርቢ ሰውዬ

ወንድሜ አዲስ አበባ የሄደ ቀን ሻንጣውን ባጃጅ ላይ ከጫነ በኋላ ተመልሶ ገባና አሮጌ ስልኩን ሰጠኝ። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ጀርባውን በላስቲክ አስሮታል። መርካቶ አጎታችን ሱቅ ሊሠራ ነበር የሚሄደው፤ እዚያ ሲደርስ ሌላ ስልክ እንደሚገዛለት አጎታችን ቃል ገብቶለታል።

«ጌሙ ውስጥ ያለውን ሰውዬ አሳድጊልኝ» አለኝ። «ስመጣ እናያለን።»

እኛ ቤት «አሳድግልኝ፣ ስመጣ እናያለን» የሚባል ነገር ዝም ብሎ አይነገርም። አባዬ ቡታጅራ ዳር በርበሬና በቆሎ የሚዘራበት ትንሽ መሬት አለው። በረቱ ውስጥ ካሉት ከብቶች ግን ግማሾቹ የሰው ናቸው። ሳር የሌለው የከተማ ሰው ጊደሩን ጎትቶ ያመጣና ለአባዬ ያስረክባል፤ አባዬ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ሲያማት ያሳክማል፤ ስትወልድ ይካፈላሉ። ርቢ ይባላል። ጊደሯን ያመጣው ሰው በራችን ላይ ቆሞ የሚናገረው ወንድሜ የተናገረውን ነው፤ አንድ ቃል አይጨምርም። እኔም ሰውዬውን በርቢ የተቀበልኩ መሰለኝ። ለርቢ ምስክር ይቀመጣል። እኛ መሀል የነበረው የባጃጁ ሹፌር ነው፣ እሱም «ኧረ ቶሎ በሉ» እያለ ጡሩምባውን ይነፋ ነበር።

ሰውዬው ማለት ስልኩ ውስጥ ያለ ጋሻ ያዥ ተዋጊ ነው። ጌሙ በኢንተርኔት ስለሆነ ከየትም ያለ ሰው የየራሱን ሰው ይዞ እዚያው ሜዳ ላይ ይሯሯጣል። ስትጀምር ሌቭል አንድ ነህ። ተኩላ ትገድላለህ፣ ነጥብ ታገኛለህ፣ ነጥቡ ሲሞላ ሌቭል ትጨምራለህ፤ ሌቭል ስትጨምር ትልቅ ተኩላ ይሰጡሃል። ወንድሜ ሲያስረክበኝ ሌቭል አራት ነበር፤ የተቀዳደደ ሸሚዝ ለብሶ ጋሻ ብሎ የያዘው የበርሜል ክዳን ይመስላል። ስሙ የወንድሜ የሰፈር ቅጽል ስም ነው፤ አናቱ ላይ በነጭ ተጽፎ ይንሳፈፋል። ፊቱን አላውቀውም ነበር። ፊት የሚያየው መጀመሪያ የፈጠረው ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው ከኋላ ይከተላል፣ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት ተቀምጬ ነበር። ወደቅኩ ነው የምለው። ሰው «ነጥብ አልመጣላትም» ይላል፣ ነጥብ በእግሩ የሚመጣ ይመስል። ከክፍላችን ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እማዬ ግን የማታውቃቸው ሰዎች ልጆች ማለፋቸውን ሁሉ ታውቃለች። እኔ ደግሞ መቀመጥ የሚባል ነገር አልችልም። ገበያ ላኩኝ ስል አትጠፊ ይሉኛል፤ አልጠፋም ብዬ ቤት ስውል ምነው ተጎለትሽ ይሉኛል። በርበሬ ሲደርስ ሰሌን ላይ አስጥቼ ዶሮና ፍየል እከላከላለሁ፤ አንድ እጄ ዱላ፣ አንድ እጄ ስልክ። በርበሬ የነካ ጣት ስክሪን ይነካል፣ ከዚያ ሳላስበው ዓይኔን። ስንት ጭራቅ እያለቀስኩ ገድያለሁ። እማዬ ከቤት ብቅ ትልና የማለቅሰው ፈተናውን እያሰብኩ መስሏት ዝም ብላ ትመለሳለች። እኔም አላረምኳትም፤ ቢያንስ ያን ሰዓት አትጨቀጭቀኝም።

ሌቭል ማስጨመር ጀግንነት አይደለም። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል፣ ያስቃል፤ እያደገ ሲሄድ ቀኑን ሙሉ ደክመህ የነጥቡ መስመር ንቅንቅ አይልም። ያኔ ብዙ ሰው ይተዋል። እኔ ረግረግ ዳር ያሉት እንቁራሪቶች ሞተው ቶሎ እንደሚነሱ አይቼ እዚያው ከረምኩ። የትኛው ጓንት ለእሳት፣ የትኛው ለመርዝ እንደሚሆን በሞት ነው የተማርኩት። የጋሻ ሰው ሥራም የገባኝ ቆይቶ ነው። የጋሻ ሰው ሥራው መማታት አይደለም፣ ለሌላው መመታት ነው። ጭራቁ እሱን ብቻ እንዲጠላ ያደርጋል፤ ጓደኞቹ ከኋላ ሆነው ይሠራሉ። እማዬ ሰው እንዲጠላኝ ማድረግ ተሰጥኦዬ እንደሆነ ስትነግረኝ ኖራለች። አልተሳሳተችም፤ አንዴ ከገባኝ በኋላ አልከበደኝም።

ረግረጉ ላይ ሁለት ሰው አገኘሁ። አንዱ ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ጎማ የሚጠግን ልጅ ነው፤ በጌሙ ውስጥ አካሚ ነው፣ እኔ ስመታ እሱ ይፈውሰኛል። ሌላው የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ቀስት ይወረውራል። አብረን የገባንበት የመጀመሪያ ቀን ትልቁ ጭራቅ ላዬ ላይ እያለ የወልቂጤው «ቆዩኝ፣ ጎማ መጣ» ብሎ ጠፋ። አለቅን። የምችለውን ያህል ሰድቤ ጻፍኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃ ይሉኝ ጀመር። እነሱ በማይክ ያወራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ማይኬ ተበላሽቷል ብያቸዋለሁ። አንተ ሲሉኝ ዝም አልኩ። ስሙ የወንድሜ ነው፤ ሴት ነኝ ብል ደግሞ ሥራው ቀርቶ ፎቶ ላኪ ሊጀመር ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ ሰው «አለቃ፣ በየት እንግባ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቤት ውስጥ እኔን በየት እንግባ ብሎ የጠየቀ የለም።

ወንድሜ ሲደውል እማዬን ያናግራል፣ አባዬን ያናግራል፣ ከዚያ «ስጣት» ይልና እኔን «ስንት ደረሰ?» ይለኛል። ሠላሳ እለዋለሁ። ሌላ ጊዜ ሃምሳ። «ማሻአላህ» ብሎ ይዘጋል። አንድም ቀን አንቺስ ብሎኝ አያውቅም። ሰውዬው ሰባን ሲያልፍ ከእኛ ከሦስታችን በቀር ማንም ከማይደፍረው ተራራ በር ላይ ደረስን። በሩ ዝቅ ያለ ሌቭል አያስገባም። ውስጥ ያለው ጭራቅ ጋሻ ያዥ የሌለውን ቡድን በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ከዓረፋ በኋላ ልንገባ ተቀጣጠርን።

ለዓረፋ የሰፈራችን ልጆች ከየሱቃቸው ተጠራርገው ይመጣሉ። ወንድሜም መጣ፤ ወፍሯል፣ አዲስ ስልክ ይዟል፣ ሲያወራ አራዳ አራዳ ሊሸት ይሞክራል። ገና ሻይ ሳይቀርብለት «ፓስወርዱን ንገሪኝ» አለኝ። ስልኩን የተረከብኩ ሰሞን ቀይሬው ነበር።

«ለምን?»

«እንዴ፣ የኔ ነዋ።»

ነገሩን አወጣጣሁት። መርካቶ ያሉት የሱቅ ልጆች ሁሉ ይሄን ጌም ይጫወታሉ። ወንድሜ ሰባ ምናምን ነኝ ብሏቸዋል፤ አላመኑትም፤ አምጣና አሳየን ብለውታል።

«አንተ ነህ ያሳደግኩት ያልካቸው?»

«ታዲያ ምን ልበል? እህቴ ቡታጅራ በርበሬ ስትጠብቅ ልበል?»

አልነግርህም አልኩት። እማዬ ስልክ ውስጥ ላለ ሰው ከወንድምሽ ትጣያለሽ ወይ ብላ እኔን ተቆጣች፤ እሱን አልተቆጣችም፣ እንግዳ ነዋ። አባዬ ግቢ ውስጥ የታረደውን በግ ቆዳ ዘርግቶ ጨው እያሸው ነበር። ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና ከሰስኩ። ሰውዬው የርቢ ነው አልኩት።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ወንድሜን ጠርቶ አስቀመጠውና እኔን ጠየቀኝ።

«ስትረከቢው ላም ነበር ጊደር?»

«ጥጃ ነበር አባ። እግሩ የሚንቀጠቀጥ።»

ወንድሜ ሳቀ። አባዬ ቀና ብሎ አየው። «ምን ያስቅሃል? አብልተኸዋል?»

«አባ፣ ጌም እኮ ነው። አይበላም።»

«የማይበላ ነገር ከሆነ ምን ያጣላችኋል?»

ከዚያ አባዬ ወደ እኔ ዞሮ «ታሞ ያውቃል?» አለኝ። ሞቶ ያውቃል አልኩት፤ ሲሞት ይነሳል፣ ልብሱ ግን ይበላሻል፣ የማሳድሰው እኔ ነኝ። ከማን ጋር ይውላል፣ ማን ያውቀዋል፣ ሲሰጥሽ ምን ብሎ ነው የሰጠሽ፤ ሁሉንም ጠየቀኝ። መለስኩ። ከዕድሜዬ ሁሉ አባዬ ስለ እኔ ሥራ ያን ያህል የጠየቀኝ ያን ቀን ነው። የማሸንፍ መሰለኝ።

«ላሚቱ የባለቤቷ ናት» አለ። «አብልቻለሁ ተብሎ የሰው ላም አይያዝም። እኔ እንደዚያ ባደርግ ኖሮ ይሄ በረት ዛሬ ባዶ ነበር። ያበላ ሰው ድርሻው ከተወለደው ላይ ነው።» ጨዉን በመዳፉ ጫን ጫን እያደረገ ቆየና «ምን ወለደ?» አለኝ።

«አይወልድም፣ አባ።»

«እንግዲያ የመከነች ላም ነው የቀለብሽው።»

ክፉ ብሎ አይደለም። እንዲያው ከብት አይቶ የሚናገረውን ነው የተናገረው። እኔ ግን የፈተናው ውጤት የመጣ ቀን እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም። ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ። «ጓደኞች አሉት» አልኩ። «በሱ የመጡ ናቸው፣ ግን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ወንድሜ ሰላም እንኳ ብሏቸው አያውቅም። እነሱ የኔ ናቸው።»

«ሰው በርቢ ይካፈላል እንዴ?» አለ ወንድሜ።

«ሰው አይካፈልም» አለ አባዬ። «ይጠየቃል። ጠይቂያቸው፤ ከፈለጉት ጋር ይሁኑ። ከዚያ ግን ሰውዬውን ለወንድምሽ ታስረክቢያለሽ። ድጋሚ አልሰማም።»

በማግስቱ ሰውዬውን ተራራው በር ላይ አቆምኩት። ሁለቱም መጥተው ጠበቁኝ። ከፍቼው የማላውቀውን ማይክ ከፈትኩ። ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ነኝ።»

የድሬው፣ «አቦ እህትየው ነሽ? ስልኩን ለአለቃ ስጪው፣ በር ላይ ነን በይው» አለ።

«አለቃ እኔ ነኝ። ከረግረጉ ጀምሮ እኔ ነኝ።»

የድሬው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። ከወልቂጤው በኩል የመኪና ጩኸትና የአየር መሙያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ ጠየቀኝ። «መጀመሪያ ቀን ጎማ መጣ ብዬ ስጠፋ ምን ብለሽ ጻፍሽልኝ?»

«ሆድህም እንደ ጎማው ይፈንዳ።»

«ራሷ ናት» አለ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰውዬው ወደ ወንድሜ ይሄዳል፤ እኔ ከአንድ እጀምራለሁ፤ እናንተ ከማን ጋር ናችሁ አልኳቸው። የድሬው ወላሂ አንቺ ጎበዝ ነሽ አለ፣ ግን በሩ የሚያየው ሌቭል ነው፣ አንቺን አያስገባሽም። እውነቱን ነው። እስክደርስ ጠብቁኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያ ምን ያህል እንደሚፈጅ ከነሱ ይልቅ እኔ ስለማውቀው ዘጋሁት። የወልቂጤውን ጠበቅኩ። የሚፈውሰኝ እሱ ነበር። ከመሞቴ በፊት፣ ከመቁሰሌም በፊት፣ ወዴት እንደምዞር ሳልነግረው የሚያውቅ እሱ ነበር።

«አትቀየሚን» አለኝ። «ሰውዬው ያስፈልገናል።»

«ሰውዬው እኮ እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ግን ወንድምሽም ጣት አለው።»

ፓስወርዱን ለወንድሜ ሰጠሁት። የመርዙን ጓንትና የእሳቱን ጓንት እንዳያምታታ ልነግረው ስል «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ። አባዬ በረት ውስጥ ሆኖ ይሰማ ነበር። ወንድሜ ሲሄድ እማዬ ቆጮና ቅቤ ጠቅልላ አስያዘችው፤ እኔ ባጃጁ ድረስ አልሸኘሁትም።

አዲስ ሰው ፈጠርኩ። ሴት አደረግኳት። ስም ሲጠይቀኝ የራሴን ጻፍኩ፤ ተይዟል አለኝ። የሆነ አገር ያለች የሆነች ሰው ቀድማኛለች። ኋላ ላይ ቁጥር ለጥፌበት እሺ አለኝ። እንደገና ተኩላ፣ እንደገና የበርሜል ክዳን። የት ምን እንዳለ ሁሉን አውቃለሁ፤ ያ ደግሞ ይባስ አሰልቺ አደረገው። ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን የሚሠራው ጣት ብቻ ነው፣ ሐሳብ ሌላ ቦታ ይዞራል። ሐሳቤ የሚዞርበትን አልወደድኩትም። አንዲት የመከነች ላም ቀልቤ ሌላ ልጀምር ነው ወይ እያልኩ በርበሬውን እገለብጣለሁ።

ብዙ ሳይቆይ የወልቂጤው ጻፈልኝ። በሩን ገብተው አልቀዋል፤ አንዴ ሳይሆን በገቡ ቁጥር። «ወንድምሽ ዝም ብሎ ይማታል» አለ። «መመታት አይፈልግም። እባክሽ ተመለሺ።» አልመለስኩለትም። በዚያው ሰሞን ወንድሜ ደወለ፤ የመጀመሪያ ጊዜ እማዬን ሳያስቀድም እኔን ጠየቀ። ሐሳብ አለኝ አለ። ጠዋት ጠዋት እኔ በሱ ፓስወርድ ልግባ፣ በሩን ላሳልፈው፣ ጭራቁን ልግደል። ከሰዓት ልጆቹ ሲሰበሰቡ ሰውዬውን እሱ ይይዘዋል።

«እነሱ ማን አሸነፈ ሲሉህስ?»

«እኔ እላለኋ። ስሙ እኮ የኔ ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ትወጂው የለ እንዴ?» አለ።

እወደዋለሁ። ችግሩ እሱ ነው። አስባለሁ ብዬ ዘጋሁ። ሁለቱም ይመለሱልኛል፤ የድሬው አቦ ይለኛል፣ የወልቂጤው ይፈውሰኛል፣ በየት እንግባ የሚል ሰው ይኖረኛል። ጠዋት ጠዋት ብቻ። አባዬ ላሞቹን እያጠጣ ሳለ ነገርኩት። ባልዲውን አስቀመጠ።

«ያችኑ ላም ድጋሚ በርቢ ልስጥሽ ነው የሚልሽ» አለ። «የመጀመሪያውን ጊዜ አላወቅሽም ነበር። አሁን መካን መሆኗን ታውቂያለሽ።» ከዚህ ሌላ ውሰጂም፣ አትውሰጂም አላለኝም።

ወንድሜ መልሴን የጠበቀው አይመስለኝም። በማግስቱ የእኔዋን ይዤ ተኩላዎቹ ሜዳ ላይ ሳለሁ፣ ከዛፎቹ መሀል አንድ ትልቅ ጋሻ ያዥ ወጣ። እንደዚያ ያለ ሌቭል እዚያ ሜዳ ላይ አይታይም፤ ጀማሪዎቹ ሁሉ ቆመው አዩት። ስሙን አነበብኩት፤ የወንድሜ ነው። ተራራው ላይ ሞቶ ሲነሳ ጌሙ ወዴት ልውሰድህ ሲለው ወንድሜ የመጀመሪያውን መንደር ነክቶ መሆን አለበት። የእሳቱ ጓንት ከመርዙ ጋር ተምታቶ አንዱ በአንድ እጅ፣ ሌላው በሌላው ነው። ጋሻው ተሰባብሯል።

ወደኔ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ፊቱን ያኔ አየሁት።

ልጅ ነው። እኔ ከኋላው ሆኜ ሳስበው ጢሙ የበዛ፣ ጠባሳ ያለበት፣ ኮስታራ ሰው ነበር። ጢም የለውም። ትከሻው እንደ በር ሰፍቷል፣ ብረቱ ያብለጨልጫል፤ ፊቱ ግን ወንድሜ ድሮ ሌቭል አንድ ላይ የመረጠለት ፊት ነው፣ የተገረመ የሚመስል። ያን ሁሉ ሳሳድግ እሱ አንድ ቀን አላደገም። ዓይኑ በኔ ላይ አልፎ ከኋላዬ ያለውን ሳር ያያል።

«አንቺ ነሽ?» ብሎ ጻፈ ወንድሜ። «ከዚህ እንዴት ነው የሚወጣው? ልጆቹ እያዩኝ ነው። ግቢና አውጪኝ።»

ጣቴ ስክሪኑ ላይ ቆየ። በርበሬ ነበረበት። በሰሜን ያለውን ድልድይ ተሻገር ብዬ መጻፍ እችል ነበር፣ አጭር ነው። ፓስወርዱንም አልረሳሁትም።

«አልገባም» ብዬ ጻፍኩ። «መንገዱን ራስህ ፈልገው። ስታሳድገው እናያለን።»

ሰውዬው እንደቆመ ቀረ። አንድ ተኩላ መጣና እግሩን ይነክሰው ጀመር፤ ወንድሜ አላየውም፣ ሰውዬውም አልተሰማው። ያንን ቆዳ ያደነደንኩት እኔ ነኝ። ተኩላው ነክሶ ነክሶ ምንም እንዳላገኘ ሲገባው ተወውና ዞር አለ። እኔ ሌቭል ሦስት ነበርኩ። ያየው እኔን ነው።